ከሐይቁ ጥናት የተረፈው ድማሚት

የታሰርኩበት ክፍል ጣሊያን የሠራው መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ የቆየ ኑግ ይሸታል። ገፍትረው ሲያስገቡኝ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። በግብር አቤቱታ የታሰሩ የመካነ ብርሃን ገበሬ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?»

«ቤታችን ድማሚት ተገኝቶ ነው፣ አያ።»

«ተራራ ልትንዱ?»

«ሐይቅ ልናጠና።»

«ውሃው ምን በደላችሁ!» ብለው ሳቁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ጣናን ለሚያጠኑ ፈረንጆች እንሠራ ነበር። ዳር ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ትንሽ ድማሚት እናፈነዳለን። መሬት ላይ የተተከሉት መሣሪያዎች ንዝረቱ የደረሰበትን ጊዜ ይመዘግባሉ። በደለል ውስጥ ይዘገያል፤ በዐለት ውስጥ ይፈጥናል። ፈረንጆቹ ከዚያ ተነስተው ከውሃው በታች ያለውን የመሬት ቅርጽ ያሰላሉ።

አንድ ቀን ጊዮርጊስ ሆነ። ወንድሜ «በበዓል፣ ደብር አጠገብ አላፈነዳም» አለ። የሥራ ድንኳናችን ስለሚያፈስ የቀሩትን ሁለት ድማሚቶች ጎንደር፣ ቤታችን ይዞ መጣ። ያን ሰሞን በመንግሥት ላይ ሤራ ተፈርቶ ቤት ለቤት ይፈተሽ ነበር። ሁለታችንንም ያዙን፤ ለያዩን። ፈረንጆቹን የጠየቀ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን መርማሪው መኮንን አስጠራኝ።

«ወንድምህ ታሞ ሞተ» አለኝ።

ወንድሜ ሕመም አልነበረበትም።

ወረቀት ገፋልኝ። ወንድሜ ድማሚቱን ለሤረኞች እንዳስቀመጠ ይላል።

«ፈርም። ሙት አይታሰር። ለአርባው ትደርሳለህ፤ እናትህ ብቻዋን ናት።»

ብዕሩን ያዝኩ። ከዚያ ጽሑፉን ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ። «ድማሚቱ ለሐይቁ ጥናት የተሰጠን ነው። ወንድሜ ቤት ያመጣው ዝናብ እንዳይነካው ነው።» ፈረምኩ።

«አበላሸኸው» አለ መኮንኑ።

«አስተካከልኩት፣ ጌታዬ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ሸጋ» አሉ። «እንግዲህ አርባውን እዚሁ እናስበዋለን።»

እናቴ ተዝካሩን ብቻዋን አወጣች። እኔ የተፈታሁት ከዓመት በኋላ ነው። ወረቀት መፈረሜን ሰምታ ኖሮ፣ የቤታችን ደጃፍ ላይ አቅፋኝ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ «ለወንድምህ ምን ብለህ ጻፍክለት?» አለችኝ። ነገርኳት። «ድገመው» አለች። ደገምኩት።

እስክትሞት ድረስ፣ ሰው በሌለበት፣ ታስደግመኝ ነበር። አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ለወንድሜ አርባ ሳልደርስላት መቅረቴ ግን እስካሁን ያመኛል።