ለእርቅ የተቆረጠ ትኬት

የኔነሽ ከተማ ስታስረዳ ያያት ሰው፣ ትኬት ቆራጭ ሳትሆን የአገሩ ባላባት ትመስለዋለች። የምትሠራው ሲያትል አጠገብ ቡሪየን፣ አውሮፕላኖች ጣሪያ ሊነኩ ትንሽ እየቀራቸው በሚያልፉበት ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው። ዊንተር ገብቶ የሲያትል ሰማይ ሲጫን ደንበኛው ሁሉ ሃዋይ ሃዋይ ይላል። እሷም ሆኖሉሉን አንድ በአንድ ትዘረጋለታለች፤ ቢሮው ሁለት ጊዜ ልኳት በእግሯ አዳርሳዋለችና።

ዘዴ አላት። ከተማ እንደ ምግብ ተራ አለው ትላለች። መጀመሪያ ፀሐይ ሳትከር ዳይመንድ ሄድን መውጣት፤ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው፣ አፉ ላይ ቆመው የዋይኪኪን የባሕር ዳርቻ ቁልቁል ያዩታል። ከዚያ ሃናውማ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ፤ መነጽር አጥልቆ ፊትን ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ ነው፣ ዓሣው ራሱ ይመጣል። በስተሰሜን ያለው የባሕር ዳርቻ ግን በዊንተር ከሩቁ የሚታይ ነው። ማዕበሉ ሰው አንሥቶ ከአለት ጋር ያላትማል፤ ለባሕር ጀርባ አይሰጥም።

በ1986 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት፣ የአካባቢው አስታራቂ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ ባልና ሚስት አስከትለው ገቡ። ባልየው ሳህሌ፣ ታክሲ ነጂ፣ ሳቂታ ነው። ሚስቱ ውባንቺ አገጯ ላይ ፓውደር አብዝታለች፤ ከሥሩ ግን የበለዘው ይታያል።

«ልጄ የኔነሽ፣ እነዚህን ልጆች ትናንት አስታረቅናቸው» አሉ ጋሼ። «እርቁ እንዲጸና ሽማግሌዎቹ አዋጥተን ሁለተኛ ጫጉላ ልናስወጣቸው ነው፤ ትናንት በስልክ ያስቆረጥንሽ የሆኖሉሉ ትኬት የእነሱ ነው። ባሕር ያየ ሰው ይበርድለታል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ጫጉላ ያለ ሚዜ እንዴት ይሆናል?» ብላ ሳቀች የኔነሽ።

«ሚዜ ምን ይሠራል?» አለ ሳህሌ። «ሁለታችን ብቻ።»

የኔነሽ በደንበኞቹ በኩል ያለውን የትኬት መሳቢያ ስባ ከፈተችና ማስረዳት ጀመረች። ተራራውን ስትጨርስ ውባንቺ ቀና አለች። «እዚያ ሰው ይበዛል?»

«ኧረ እንደ ጉድ!»

«ዓሣው ጋስ? ዋናተኛ ይጠፋል?»

«አይጠፋም። ጠባቂም አለው።»

የኔነሽ ግርግር የማትወድ ሴት መሰለቻት። ስለዚህ ጸጥ ያለውን ቦታ በደስታ አመጣችላት። «እንግዲያ፣ ፓሊ የሚባል ገደል አለልሽ! ነፋሱ ከብርታቱ የተነሣ ሰው ይደገፈዋል። ድሮ አንድ ንጉሥ ጠላቶቹን እያሳደደ ወስዶ፣ ከዚያ አፋፍ ላይ ቁልቁል ነው የጨረሳቸው። ማለዳ ከሄዳችሁ ማንም የለም።»

«መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የምንሄደው» አለ ሳህሌ፤ የሚስቱን ማጅራት በመዳፉ ያዘ። «ሰማሽ? ነፋስ ሰው ይወስዳል አሉ።»

ውባንቺ የተከፈተውን መሳቢያ ጠርዝ ጨብጣ ነበር። ጣቶቿ ነጡ። የኔነሽ አሁን ገባት። ሴትዮዋ ከየቦታው ስትፈልግ የነበረው ምስክር ነው።

«አልሄድም» አለች ውባንቺ።

«ምን አልሽ?»

«ካንተ ጋር አልሄድም።»

ሳህሌ መሳቢያውን በጉልበቱ መታው። የብረቱ መሳቢያ ከነጣቶቿ ተዘጋ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አሉ። ውባንቺ ተንበረከከች።

«ኧረ በሚካኤል! ተው ልጄ!» ጋሼ መሃል ገቡ።

«አንቱ አይግቡበት!» በክርኑ አፋቸውን ሲላቸው ወንበር ይዘው ወደቁ። ዞሮ ሚስቱን በጫማው ጎኗን መታት፣ ደገመ። የኔነሽ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የብረት አውሮፕላን አንሥታ ጆሮው ሥር አሳረፈችበት። ክንፉ ሥጋ ቀደደ። ሳህሌ ጉሮሮዋን አንቆ ከመስኮቱ ጋር ሲያላትማት መስተዋቱ ተሰነጠቀ፤ እሷም እጁ እስኪላላ ድረስ መታችው። ደም ዓይኑን ሲሸፍነው ተቀመጠ።

ጎረቤት ጠርቶ ፖሊሶች ደረሱ። ጋሼ መሐረባቸው ላይ ጥርስ ተፉና የኔነሽን በሹክሹክታ «የቤት ጉዳይ ነው፣ ታርቀናል በያቸው» አሏት።

የኔነሽ አንገቷ ላይ የጣት አሻራ እንዳለ፣ ደንበኛ እንደምታስረዳ አስረዳቻቸው። «ጋሼ፣ እዚህ ፖሊስ አያስታርቅም። ሕጉ በቅርብ ተለውጧል። ድብደባ ለመኖሩ በቂ ምክንያት ካገኙ ደብዳቢውን ይዘው መሄድ ግዴታቸው ነው፤ ሚስት ይቅር ብትልም።»

ጋሼ የውባንቺን ጣቶች አዩ፤ ሁለቱ ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል።

«እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቃል ነበር የምሰማው» አሉ። «ይሄን አይቼ አላውቅም። በይ ንገሪያቸው። ሽማግሌው በዓይኑ አየ በያቸው።»

ነገረቻቸው። ሳህሌን በካቴና ሲያስወጡት «ጋሼ! ያስታርቁን እንጂ!» እያለ ነበር። ጋሼ ዞር አላሉም።

የኔነሽ ውባንቺ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እቴ፣ ትኬቱን ለብቻሽ ላድርገው? ነገ ትሄጃለሽ፣ አያገኝሽም።»

«ካንስል አድርጊው።»

«የእሱን?»

«የሁለታችንንም። እኔ ምን አጠፋሁ ብዬ ነው ከቤቴ የምጠፋው? እሱ ይውጣ።»

የኔነሽ ስልኩን አነሣች። መጀመሪያ የተሳሳተ ቁጥር ደወለች፤ ዘግታ እንደገና አየር መንገዱን ኮል አደረገች።