በነጩ መንገድ ዳር የተቆረጠ ዘለላ

ባለፈው ማክሰኞ የአባዬን የሐኪም ደብዳቤዎች ስፈልግ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ካርታ አገኘሁ። መታጠፊያው በፕላስተር ተለጣጥፏል፤ ጠርዙ ላይ በብስክሌት ቅባት የታተመ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሳልዘረጋው አወቅኩት። ደነገጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ያለፈው ነገር አሁንም ክው ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ልጅ እያለሁ ቤታችን የሚሸተው ሁለት ነገር ነበር፤ የዳቦ እርሾና የብስክሌት ቅባት። አባዬ የሚሠራው ለንደን፣ ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር፣ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ዝናብም ይሁን በረዶ ከቤታችን ከሼፈርድስ ቡሽ በብስክሌት ይመላለስ ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነው። አባቱ የባቡር መካኒክ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ብስክሌቱንም ከቁርጥራጭ ብረት በብየዳ ገጣጥመው የሰጡት እሳቸው ናቸው። «የድሬ ልጅ ከመራመዱ በፊት ፔዳል ይረግጣል» እያለ ይፎክርብን ነበር።

አንድ ምኞት ነበረው፤ የፈረንሳይን የወይን አገር በብስክሌት ማየት። ካሌዶኒያን ሮድ ያለው የሐበሻ ካፌ ውስጥ ጓደኞቹ መሳቂያ አደረጉት። «ሰው ለእረፍት አገሩ ይገባል፣ አንተ የፈረንጅ ገጠር? ወይናቸውን ልትጨርስባቸው ነው?» ይሉታል። እሱ «መንገዱ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ክረምት እማዬ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን አባዬ ሁለት ብስክሌትና እኔን ይዞ በመርከብ ተሻገረ። ከዚያ በባቡር ሎዋር የሚባለው ወንዝ ድረስ ሄድን።

ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቶ ሕጉን ነገረኝ። ቀዩ መንገድ ለመኪና ነው፣ ቢጫው ለቸኮለ ሰው፣ ነጩ የእኛ ነው። እውነትም በነጩ መንገድ ላይ ሰው የለም። ግራና ቀኝ የወይን ተክል ተሰልፎ ቆሟል፣ አፈሩ በፀሐይ ሲግል ደረቅ ሽታ አለው፣ ከርቀት የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። አባዬ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ይወርዳል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ በሩን ይሳለማል። ስለዚህ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። ኪሳችን ዳቦ ቆሎ ሞልቷል። እኔ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ፈረንሳይኛ ተምሬ ስለነበር አፍ የምሆነው እኔ ነኝ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ተናገሪ» ብሎኛል። ዳቦ የምገዛው፣ መንገድ የምጠይቀው፣ ማደሪያ የምለምነው እኔ ነበርኩ። ኩራቴ ከቁመቴ በለጠ። አንዳንዴ ተርጉሜ ሳልጨርስ ይስቅ ነበር፤ በሰዎቹ አኳኋን የሚስቅ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ውኃችን አለቀ። አባዬ ብስክሌቱን አቆመና ከመንገዱ ዳር አንድ ዘለላ ወይን ቀጠፈ። የማደርገው ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ኖ! ስቲሊንግ እኮ ነው» አልኩት።

«እሸት ነው» አለ፣ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ እየጣለ። «ጨርጨር፣ በእናቴ አገር፣ መንገደኛ ከማሳ ዳር ቆሞ ይቀምሳል። በእጁ ይበላል፣ በኪሱ አይዝም። ከዚያ ባለማሳውን ይመርቃል።» ቀጥሎም ማንም በማይታይበት ማሳ ጮክ ብሎ «ይባርክላችሁ! ዓመት ዓመት ያድርስላችሁ!» አለ።

ምርቃቱ የማሳውን ባለቤት ከተክሉ መሐል አስነሳው። መቀስ የያዘ፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ሽማግሌ እየጮኸ መጣ። አብዛኛው ንግግሩ ባይገባኝም ሌባ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ፖሊስ የሚለውንም። ስልኩን አውጥቶ አወዛወዘብን። እማዬ ከልጅነቴ ጀምሮ የነገረችኝ ሁሉ በጭንቅላቴ መጣ፤ ፖሊስ ያለበት አትድረሺ፣ አባትሽ የያዘው የስደተኛ ወረቀት ነው። አባዬ ግን ዘለላውን እንደያዘ ረጋ ብሎ ቆሟል።

«ንገሪው» አለኝ። «በአገራችን ይሄ ስርቆት አይደለም በይው። እዚህ ነውር ከሆነ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ በይው።»

ያን የምልበት ፈረንሳይኛ አልነበረኝም። የነበሩኝ የመማሪያ መጽሐፌ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አፌ ከሐሳቤ ቀደመ። «አባቴ በሽተኛ ነው» አልኩ። «ድሆች ነን። ሁለት ቀን አልበላንም። እሱ ምንም አይገባውም።»

ሰውየው ጩኸቱን አቆመ። አባዬን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ፊቱ ሁሉ አዘነ። ወደ መኪናው ሄዶ ግማሽ ዳቦ፣ አይብና አንድ ከረጢት ወይን አመጣ። የአባዬን ትከሻ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው መታ መታ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየለየ «ብላ። ብላ» አለው። እኔ ተረፍን ብዬ ተነፈስኩ።

አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያም በፈረንሳይኛ ተናገረ።

እንደኔ ተሰባብሮ አይደለም። እንደ ውኃ ነው የወረደለት። «አመሰግናለሁ ጌታዬ። አልታመምኩም፣ አልራበኝምም። በአገሬ መንገደኛ ከማሳ ዳር ይቀምሳል፤ እዚህ እንደማይፈቀድ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በልጄ አይፍረዱ፣ ፈርታ ነው።» ይህን ማለቱን ያወቅኩት ቆይቼ፣ ፈረንሳይኛዬ ሲበረታ፣ ቃሎቹን አንድ በአንድ ከትዝታዬ እያወጣሁ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የተናገርኩትን ሁሉ ሰምቷል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌውም አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ መቀሱን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ አባዬን ጨበጠው። አባዬ ዳቦውን፣ አይቡንና ከረጢቱን መለሰለት። ሽማግሌው አንድ ዘለላ ብቻ ሰጠውና አባዬ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለእኔ አቀበለኝ። ጣፋጭ ይሁን ጎምዛዛ ዛሬም አላውቅም፤ አልዋጥ ብሎኝ ነበር።

ሁለት መንደር ያህል ከፊቴ ከፊቴ ነዳ። አንድ ድልድይ ላይ ስንቆም ትንፋሼን ሰብስቤ «ፈረንሳይኛ ትችላለህ?» አልኩት።

«አባቴ የባቡር ሰው አልነበሩም እንዴ? የድሬ ባቡር በምን ቋንቋ ይሄድ የነበረ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ስትናገሪ መስማት ደስ ይለኛላ» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ለእማዬ አልነገራትም። ለእኔም ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አንስቶብኝ አያውቅም።

ካርታውን ያገኘሁበት ማክሰኞ ከካውንስል፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ አንዲት ሴት ረዳት ይገባው እንደሆነ ልታይ የምትመጣበት ቀን ነበር። አባዬ ከታመመ ወዲህ እንግሊዝኛው እየሸሸው ነው፤ ስለዚህ አሁንም አፍ የምሆነው እኔ ነኝ። ቤት መጥቶ የሚረዳው ሰው ያስፈልገዋል። የቤተ ክርስቲያን እናቶች መክረውኛል፤ «ልጄ፣ ለአሰስመንት ሲመጡ አጋኚ። ምንም አይችልም ካላልሽ አፕላይ ማድረግሽ ከንቱ ነው።»

ሴትየዋ ለብቻው መልበስ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። አባዬ አየኝ። ሸሚዙ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ አንደኛው ቁልፍ የሁለተኛውን ቀዳዳ ይዟል።

«ምንም አያስፈልገኝም በያት» አለ። «ከለንደን ተነስቼ የፈረንሳይን ገጠር በብስክሌት የዞርኩ ሰው ነኝ በያት።»

ያቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከውስጤ አፏን ስትከፍት ተሰማኝ፤ በሽተኛ ነው፣ ምንም አይገባውም ልትል። አፈንኳት። የነገረኝን ቃል በቃል ነገርኳት፤ ብስክሌቱንም፣ ፈረንሳይንም። ሴትየዋ ጻፈች። ከዚያ «ይሄ የእሱ ቃል ነው» አልኳት። «የእኔን ልንገርሽ። እኔ ልጁ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ስመጣ ምን እንደማገኝ የማውቀው እኔ ነኝ።» ያየሁትን ሳልጨምር ነገርኳት። አባዬ ጉልበቱን እያየ አዳመጠ።

የሚረዳው ሰው ይሰጡት እንደሆነ ገና አላወቅንም። ሴትየዋን ሸኝቼ ስመለስ ካርታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ነጩን መንገድ በጣቱ ይከተል ነበር። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ዛሬ የእኔን የእኔ፣ ያንቺን ያንቺ አድርገሽ ነገርሻት። ለሽማግሌው ያላደረግሽለትን።»

ይህ ቁርስ መብላቱን የሚረሳ ሰው ነው።