ሽዋያ ሽዋያ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አልማዝ እየከነፈች መጣች። ልጇ አረቂ ላይነካ ለንስሐ አባቱ ምሎ፣ ይኸው አልጋ ላይ ይንቀጠቀጣል። «ሰይጣኑ እየለቀቀው ነው፤ እልል በዪልኝ!» አለችኝ። እልል ማለት አቃተኝ። ጌታሁን ታየኝ።

ጌታሁን ታላቅ ወንድሜ ነበር። እዚሁ በስደት የምንኖርበት ሰፈር፣ ሐጅ ዩሱፍ፣ መኪና ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው፤ ጠዋት የተምር አረቂ ካልቀመሰ ግን መፍቻ አይጨብጥም። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፤ ከወንዙ ማዶ አል-ጣኢፍ በሚባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ። የቤቱ ልጅ ውጭ ተምሮ የመጣ ሐኪም ነው፤ ያጠናውም ይህንኑ የመጠጥ በሽታ። ወንድሜ ለፍልሰታ ሊምል መሆኑን ስነግረው የሚበላውን ፉል ትቶ ቀና አለ።

«ላ! በአንዴ እንዳይተው። ሽዋያ ሽዋያ፣ ቀስ በቀስ ይሁን። የለመደ ሰውነት ድንገት ሲከለከል ያንዘፈዝፈዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። መድኃኒት አለው፤ ሆስፒታል አምጪው።»

ለእናቴ ነገርኳት። «ጉድ ፈላ! በእስላም አገር ሐኪም ቀስ እያልክ ጠጣ አለ?» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጌታሁንም ሳቀ፤ ሆስፒታል ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። ያኔ የጠጣ ሰው ይገረፍ ነበር። «በእግሬ ሄጄ ሰካራም ነኝ ልበል? ወላሂ ለቡሊስ ነው የሚሰጡኝ» አለ።

ከአል-ጣኢፍ እኛ ሰፈር ድልድይ መሻገር ብቻ ነው። የሐኪሙ ትምህርት ግን አልተሻገረም።

ፍልሰታ ሲገባ ማለ። በዚያ ሁሉ ወበቅ ብርድ እንደመታው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኋላማ ሰው መለየት ተወ፤ በባዶ አየር ላይ ብሎን ይፈታል። እናቴ ጸበል እየረጨች «ልቀቀው!» ትላለች። ሐኪሙን ልጥራ ብላት በሩ ላይ ቆመች። «ቃሉን ልታስፈርሺው ነው?» አለችኝ። ትንሽ ቆይቶ ጌታሁን ተገተረ፤ አረፋ ደፈቀ። በዚያው ቀረ።

ለቅሶ ላይ ሁሉም «መጠጥ ገደለው» አለ። እናቴም እስክትሞት የተጽናናችው «ልጄ ማህላውን ሳያፈርስ ሄደ» እያለች ነው። እኔን ያ ቃል አጽናንቶኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለአልማዝ ነገርኳት። ሐኪም ጋ እንውሰደው፣ በአንዴ አይሆንም፣ ሽዋያ ሽዋያ አልኳት። «አንቺ ደግሞ! ጠጣ ልበለው?» ብላ እየሳቀች ሄደች። ልክ እንደ እናቴ። ስንት ዘመን አልፎ ያ ትምህርት ዛሬም ማዶ ነው።

ይህን ስጽፍ እልልታዋ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። አሁን ቆመ። ነጠላዬን ላንሳ።