ሳልሚያን ለአስተማሪዋ የሰጠች ልጅ

ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ የተጫወትኩት እንቆቅልሽ፣ ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ ኩዌት ላይ የስድስት መቶ ዲናር ጉዳይ ሆኖ ይመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ስድስት መቶ ዲናር የአንዲት ትንሽ ልጅ የዓመት ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። አባቷ የሚችለው ግማሹን ነበር። ሌላው ግማሽ ካልተገኘ ልጅቱ ከእናቷ ተለይታ አገር ቤት አክስቷ ጋ ትላካለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስገዛና ስሸጥ ስለኖርኩ ማንኛውንም ነገር ከዋጋው መጀመር ልማዴ ነው፤ ይሄኛው ነገር ግን ከዋጋው በፊት የሚመጣ ታሪክ አለው።

ያኔ የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና አይለየውም ነበር። ጋሽ መኮንን የሚባል፣ ድሮ ሾፌር የነበረና አደጋ አንድ እግሩን አሰናክሎት ከመሪ የወረደ ሰው፣ ከመንገዱ ዳር ጎማ ይለጥፍ ነበር። ሲመሽ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣ አሮጌ ቸርኬ ውስጥ ከሰል ያቀጣጥልና ፋኖሱን ከጎማዎቹ ክምር ላይ ያስቀምጣል፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። የላስቲክና የከሰል ጭስ ልብሳችን ላይ ስለሚያድር እናቴ የት እንዳመሸሁ ሳትጠይቀኝ ታውቅ ነበር። ጋሽ መኮንን መጀመሪያ ተረት ያወራል፣ ከዚያ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። መልሱን ያጣ ልጅ አገር ይሰጠዋል። እሱም የተሰጠውን አገር ተቀብሎ «ገብቼ ምን አጥቼ» ይልና፣ እዚያ የበላውን፣ የጠጣውን፣ የገበያውን ሁካታ፣ የሌሊቱን ሙቀት ሁሉ አውርቶ አውርቶ መጨረሻ ላይ መልሱን ይነግረናል። የሌሎች ሰዎች ጨዋታ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር፤ የእሱ ግን በእውነት የነዳበትን አገር ስለሚያወራ እኛን ጭኖ የሚሄድ ነበር የሚመስለን።

እኔ ሁልጊዜ አገር ሰጪ ነበርኩ። የቀላሉም የከባዱም እንቆቅልሽ ተራ ሲደርሰኝ መልሴ አገር ነበር። ልጆቹ ይስቁብኛል። «አገሩን ሰጥቶ ጨረሰው፤ ነገ እናቱን የት ሊያኖራት ነው?» ይሉኛል። አስተማሪዬም ሰነፍ ነው ብሎ ለእናቴ ነግሯት ስለነበር፣ ከዚያ ዓመት በኋላ ትምህርቱን ትቼ ሥራ እንድይዝ ወስና ነበር።

አንድ ምሽት ግን ጋሽ መኮንን አገሬን ሳይቀበል ይጠይቀኝ ጀመር።

«ቆይ እስቲ። ባለፈው ምን ነበር የሰጠኸኝ?»

«ሚሌን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ባቲን።»

«ዛሬ ደግሞ ሎጊያ። ቀጥሎስ?»

«ሰርዶ» አልኩት።

ከሰሉን በጎማ መፍቻው ቆሰቆሰና ወደ ልጆቹ ዞረ። «ይሄ ልጅ ሞኝ አይደለም» አላቸው። «ወደ አሰብ እየሄደ ነው።»

እውነቱን ነው። የከተሞቹን ቅደም ተከተል ሾፌሮቹ ሲያወሩ ሰምቼ ይዤው ነበር። አብዛኛውን መልስም አውቀው ነበር፤ ነገር ግን የመለሰ ልጅ ምን ያገኛል? ተራው ወደ ሌላው ያልፋል። አገር የሰጠ ግን ስለ አገሩ ይሰማል። ያኔም ቢሆን ትርፉ የቱ ጋ እንዳለ አስልቻለሁ ማለት ነው። ጋሽ መኮንን በማግስቱ እያነከሰ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ከአስተማሪዬ ጋር ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ መቀመጫዬ ከመጨረሻው ረድፍ ወደ ፊት መጣ፤ እናቴም ሥራ የሚባለውን ነገር ተወችው።

አሁን እዚህ ኩዌት፣ ራይ የሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ ያገለገለ ፍሪጅና ኤሲ እየገዛሁ አሳድሼ እሸጣለሁ። ዕቃውን በመኪና የሚያደርስልኝ ይርጋ ይባላል። ሚስቱ ሰብለ ስትመጣ ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ ነበረች፤ ዛሬ ክሊኒክ ታጸዳለች። ስምንት ዓመት የሆናት ማርታ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ሦስቱም ፋርዋኒያ ውስጥ ከሌሎች ጋር በተጋሩት አፓርታማ አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። በክረምት፣ ብርዱ ሲጠና፣ አርብ አርብ ወደ ማታ እኔ የምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ የአገር ልጆች እንሰበሰባለን። ራይ ያገኘሁት ቸርኬ አለኝ፤ እሱ ውስጥ ከሰል አነዳለሁ፣ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ተረት አወራለሁ፣ ከተረቱ በኋላ እንቆቅልሽ አለ።

አንድ ቀን ፍሪጅ ጭነን ስንሄድ ይርጋ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ጀመረኝ።

«ጋሼ፣ ማርታን ልልካት ነው።»

«የት?»

«አገር ቤት። ትምህርት ቤቱ ልዩ ችሎታ አላቸው ለሚላቸው ልጆች ግማሹን ይተዋል። ተስፋ አድርገን ነበር። አስተማሪዋ ፈትናት ምንም አትመልስም አለች። እንዲያውም ደከም ያሉት ክፍል ትግባ ነው የሚሉት።»

«ማርታ? ምንም አትመልስም?»

«ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ትቀባጥራለች አሉኝ። አስተማሪዋን ሳልሚያን፣ ያንን የባሕር ዳር ሰፈር፣ ውሰጂ አለቻት።»

«መኪናውን አቁም» አልኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ ማቆም ያስቀጣል።»

«እኔ እከፍላለሁ፤ አቁም።»

አቆመ። የጎደለውን ሦስት መቶ ዲናር እዚያው አውጥቼ መስጠት እችል ነበር፤ ይርጋም እሱን ብዬ እንደሆነ መስሎት ገና ሳልናገር እጁን አወዛወዘ። እኔን ግን ያስቆመኝ ልጅቱ አገር መስጠቷ ነበር። ገንዘቡን ብከፍል ማርታ ትምህርት ቤቱ ትቀራለች፤ የምትቀረው ግን አትችልም ተብላ፣ ደከም ካሉት ጋር ተቀምጣ ነው። በዓመቱም እንደገና ይኼው ጥያቄ ይመጣል።

አርብ ምሽት ማርታን ፍሙ አጠገብ አስቀምጬ ጠየቅኳት። «አስተማሪሽ ምን አለችሽ?»

«እንቆቅልሽ እንጫወታለን አለችኝ፣ አባባ። ሥዕል አሳየችኝና ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው አለች።»

«አላወቅሽውም?»

«አውቄዋለሁ። ክቡ ነው፤ ያውም ጥቁሩ።»

«ታዲያ ለምን አገር ሰጠሻት?»

ልጅቱ በጥያቄዬ ተገረመች። «ትልቅ ሰው ናት። እማዬ ከትልቅ ሰው ጋር ስትጫወቺ አትሽቀዳደሚ፣ ላሸንፋቸው አትበይ ትለኛለች። ደግሞ ደክሟት ነበር፣ ዓይኗን ታሻለች። ሳልሚያ ባሕር አለ፣ ትቀመጥ ብዬ ነው።»

እናቷ ሰብለ ከጎን ሆና ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

በሳምንቱ ከይርጋና ከማርታ ጋር ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አስተማሪዋ ሱጃታ የምትባል፣ ከሕንድ ከኮቺ ከተማ የመጣች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የእኔ እንግሊዝኛ ለንግድ ያህል ስለሆነ ማርታ አስተርጓሚ ሆነች፤ ልጅቱ የራሷን ጉዳይ በሁለት ቋንቋ ስታቀርብ ዋለች ማለት ነው። የጨዋታውን ሕግ፣ አገር መስጠት ምን እንደሆነ፣ ለትልቅ ሰው መሸነፍ በእኛ ቤት እንደ ጨዋነት እንደሚቆጠር አንድ በአንድ አስረዳናት። አስተማሪዋ አልተቆጣችም። «ብዙ ልጆች ናቸው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው» አለች። ቀጥላም «እሺ፣ አሁን አንቺ ጠይቂኝ» አለቻት።

ማርታ ወደ እኔ አየች፤ አንገቴን ነቀነቅኩላት።

«እንቆቅልሽ» አለች በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለች። «ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ ደስ ታሰኛለች፣ እሷ ግን ታለቅሳለች።»

አስተማሪዋ አሰበች። «የቤት ሠራተኛ?» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም» አለች ማርታ። «ይቺ የምታለቅሰው ውጭ ተንጠልጥላ ነው። ሠራተኛዋ ውስጥ ነው የምታለቅሰው።»

ይርጋ ወደ መስኮቱ ዞረ። መስኮቱ ላይ የተገጠመው ኤሲ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረገ ነበር፤ እኔ በየቀኑ የምገዛውና የምሸጠው ዕቃ ነው፤ መልሱ እሱ መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር።

«አላወቅኩትም» አለች አስተማሪዋ። «አሁን አገር መስጠት አለብኝ አይደል? ኮቺን ውሰጂ።»

«ኮቺ ገብቼ ምን አጥቼ» አለች ማርታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ልክ እንደኔ ተቀመጠችና። አይታው የማታውቀውን ከተማ ማውራት ጀመረች። ዓሣ በኮኮናት በላሁ አለች። ዝናቡ ጃንጥላዬን ቀማኝ አለች። አንድ ሰገነት ላይ አንዲት አሮጊት ስልክ ይዘው ተቀምጠው ኩዌት አሁን ስንት ሰዓት ይሆን ብለው ጠየቁኝ፤ ልጅዎ አስተምራ እየወጣች ነው፣ ትደውላለች አልኳቸው አለች። እኔ የምይዘው ግማሽ ግማሹን ነበር፤ ቀሪውን ማርታ ራሷ በኋላ ነገረችኝ። አስተማሪዋ ግን እስክሪብቶዋን ካስቀመጠች ቆይታለች።

ማርታ ልዩ ችሎታ አላቸው የተባሉት ክፍል ገባች። ግማሹ ተተወላቸው፣ ግማሹን አባቷ ከፈለ፤ ከእኔ ኪስ የወጣው ይርጋን መንገድ ላይ ያስቆምኩበት ቅጣት ብቻ ነው። ሰብለና ልጇ አልተለያዩም። በትርፉ በኩል የምጽፈው ይሄን ነው።

በኪሳራው በኩልም አለ። አዲሱ ክፍል ቶሎ መመለስን፣ እጅ ማውጣትን፣ ከሌላው መቅደምን አስተምሯታል፤ ደግሞም ያስፈልጋታል። አሁን ጣሪያው ላይ እንቆቅልሼን ገና ሳልጨርስ መልሱን ትናገራለች። ከሳልሚያ ወዲህ ለማንም አገር ሰጥታ አታውቅም። እንዲህ ሆና ባየኋት ቁጥር ኮምቦልቻ ላይ ከእኔ ጋር ፍም የከበቡት ልጆች ትዝ ይሉኛል፤ እነሱም የሚሰጡት አገር ነበራቸው፣ ለምን እንደሰጡ የጠየቀ ግን የለም። እነሱ በየትኛው በኩል እንደሚጻፉ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ባለፈው አርብ ተራው የማርታ ሆኖ እኔን ጠየቀችኝ። እንቆቅልሹን አውቀዋለሁ፤ የጋሽ መኮንን ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የነገርኳት። ከሰሉን ቆስቁሼ ጥቂት ያሰብኩ መሰልኩና «ኮምቦልቻን ውሰጂ» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ማወቄን ያወቀች ይመስለኛል። ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገችና «ኮምቦልቻ ገብቼ ምን አጥቼ» ብላ ጀመረች፤ እኔም እንደ ልጅነቴ ወደ ፍሙ ጠጋ ብዬ አገሬን ሰማሁ።