የጉራቻ ጥጃ

ላም እርጥብ የእንሰት ቅጠል ስታኝክ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም አሪቻ መንደር ወዳለው ቤታችን ይመልሰኛል፤ ከናፍቆቱ ግን ንዴቱ ይቀድመኛል።

ጉራቻ የምንላት አጭር ጥቁር ላም ነበረችን። ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣው ነበር፣ በጋ ሣር ሲጠፋ በእንሰት ቅጠል ብቻ ትከርም ነበር፣ የጎረቤት ከብት መዥገር ሲያከሳው እሷ ምንም አትሆንም ነበር። ወተቷ ግን ከአንድ ጣሳ አያልፍም፤ እሱንም ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ አታወርድም። እናቴ ያቺን ጣሳ ለአምስት ልጆች በውኃ እያቀጠነች ስታካፍል ፊቷ ይጠቁር ነበር።

አንድ በጋ እናቴ ጉራቻን ከፈረንጅ ዘር አዳቅላ ጊደር ለማግኘት ቆርጣ ተነሣች። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ አባቴ የፈረንጅ ኮርማ ዘር በመርፌ የሚሰጠውን ባለሙያ ሊጠራ ይርጋጨፌ ድረስ ሄደ፤ ሰውየው ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ በማግስቱ መጣና «ሰዓቷ አልፏል» ብሎ ተመለሰ። በበልግ በሰዓቱ ደረሰ፣ ሆኖም ዘሩን አቀዝቅዞ የሚያቆየው ናይትሮጂን አልቆ ዘሩ ተበላሽቶ ነበር።

«በጎረቤቱ ኮርማ እናስጠቃት» አላት አባቴ።

«ሌላ ባለ አንድ ጣሳ ልታመጣልኝ ነው? እጠብቃለሁ።»

እሷ ስትጠብቅ ያቺው ጣሳም ነጠፈች፤ ያለ ወተት ከረምን።

በክረምቱ ማዳቀሉ እንደ ምንም ተሳካ። በቀጣዩ በልግ ጉራቻ ምጥ ያዛት፤ ጥጃው ለእሷ ገላ በጣም ትልቅ ስለነበር ከጠዋት እስከ ማታ አማጠች፣ አባቴና ጎረቤቶቹ በገመድ ስበው አወጡት። እናቴ ጎንበስ ብላ የኋላ እግሩን አነሣች።

«ወንድ ነው» አለች። የያዘችውን ጨርቅ ጥላ ወደ ጓሮ ሄደች።

ጉራቻ በማግስቱ ምንም እንዳልደረሰባት ሁሉ ዳገቱን ወጣች። ግዙፉ ጥጃ ግን ያላትን ወተት ሁሉ እየጠባ ለእኛ የሚተርፈው ግማሽ ጣሳ እንኳን አይሞላም ነበር።

ዛሬ ዲላ፣ በግቢዬ ውስጥ ዲቃላ ላም አለችኝ። ፀሐይ ሲበረታ ታለከልካለች፣ ዝናብ ሲበዛ ሐኪም ትፈልጋለች፤ ባልዲ ግን ትሞላለች። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አጠገቤ ቆማ ላሟ ስትታለብ ታያለች።

«ይሄ ሁሉ ከአንዷ ነው?» ትለኛለች።

«ከአንዷ ነው እማዬ» እላታለሁ።

ልጆቼ ወተቱን በየብርጭቋቸው እያስተረፉ ይነሣሉ። ለእሷ ሻይ አፈላላታለሁ፤ ወተት ለሆዷ አልስማማ ካላት ቆይቷል።