አንዲት ወረቀት ፍለጋ፦ ከሱሉልታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሰበታ

ጠዋት፣ ሱሉልታ

ቅዳሜ ማለዳ ከቤት ስወጣ የያዝኩት የመጽሐፉን ግማሽ ብቻ ነበር። የእናቴ አባት ወሎ ውስጥ መንዙማ የሚገጥሙ ሼህ ነበሩ፤ ግጥሙን በአማርኛ፣ ፊደሉን በዐረብኛ አድርገው በእጃቸው ጻፉት። ሲሞቱ ልጆቻቸው እንደ መሬት ተካፈሉት፤ የመጀመሪያው ግማሽ ለእናቴ፣ ሁለተኛው ቡራዩ ላለው አጎቴ ደረሰ። እናቴ ስታገባ ክርስትና ተነሥታለች። መጽሐፉን ከሣጥን የምታወጣው መጋረጃ ዘግታ ነው።

ስፌቱ በስብሶ ወረቀቱ ተበታትኗል። ሰበታ ውስጥ መጽሐፍ የሚጠርዙ አንድ ሼህ እንዳሉ ስሰማ ሁለቱን ግማሾች ላሰፋ ተነሣሁ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ የለም። አያቴ ምን ብለው እንደጻፉ መስማት ፈለግኩ።

«አንዲት ወረቀት ብትጠፋ» አለች እናቴ በሩ ላይ፣ «ዓይንህን እንዳላይ።» አልሳቀችም።

ሚኒባሱ ማለዳ በሚለማመዱ ሯጮች መሐል አልፎ በጭጋጉ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ነበር።

አራት ሰዓት፣ ቡራዩ

አጎቴ ድርሻውን ከእናቴ ግማሽ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ገጣሚ ሆነሃል አሉ። የሚበላ ነገርስ ጽፈህ ታውቃለህ?»

በሰበታው ሚኒባስ ከከተማው ስንወጣ ፍተሻ ነበር፤ ሁላችንም ወረድን። መታወቂያዬ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ፈታሹ ጥቅሉን ፈታው።

«ይሄማ ቅርስ ነው! ለማን ልትሸጠው ነው?»

«የአያቴ መጽሐፍ ነው። ላሰፋው ነው።»

«ሱሪ አደረግኸው እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። በዚያው ቅጽበት ነፋስ መጣና ወረቀቶቹን ከእጁ ነጠቀው። ሰው ሁሉ ያሳድድ ጀመር። ፈታሹ ራሱ አንዷን በጫማው ረግጦ አስቆማት፤ አንስቶ አቧራውን ሲያራግፍ የዐረብኛውን ፊደል አየና ፊቱ ተለወጠ። «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ። መታወቂያ አልጠየቀኝም።

ስምንት ሰዓት፣ ሰበታ

በዓለም ገና አልፌ ሰበታ ስደርስ ባጃጅ ከገበያው ጀርባ አወረደኝ። ሼሁ ደጃቸው ላይ ከጎረቤታቸው ጋር «አካም ጅርቱ» እየተባባሉ በኦሮምኛ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ታጥበው፣ እኔንም አስታጥበው ወረቀቶቹን ሰሌን ላይ ዘረጉ። ጠርዙ ላይ ቀይና ቢጫ ቀለም እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል።

«ይህን የሐረግ ጌጥ ቤተ ክርስቲያን፣ የብራና መጽሐፍ ላይ አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

«ጎረቤት ከጎረቤት አያይም? በል፣ ከኋላ ወደ ፊት ነው የደረደርከው። እኛ ከቀኝ ነው የምንጀምረው፣ ልጄ።»

ከዚያ አነበቡልኝ፦

ዝናብህ ሲወርድ ቤት አይመርጥም ከቶ፤
ያጣውም ያድራል ካገኘው ተጠግቶ።

ለዓመታት ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ስጽፍበት የኖርኩት ምት ነበር።

በየገጹ ግርጌ ብቻዋን የተጻፈች ቃል አሳዩኝ። የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ናት፤ ወረቀት ቢበተን መንገዱን በእሷ ያገኛል። በእነዚያ ቃላት እየተመሩ ሲያስተካክሉ እጃቸው ቆመ።

«እዚህ ‹ደግሞም› ይላል። በዚህ ቃል የሚጀምር ገጽ ግን የለም። አንድ ወረቀት ጎድሏል።»

«ከየትኛው ግማሽ?»

«ከመጀመሪያው።»

የእናቴ ድርሻ! ነፋሱ ታወሰኝ። መጽሐፉን እሳቸው ዘንድ ትቼ ወጣሁ።

አሥር ሰዓት፣ እንደገና ቡራዩ

ወደሸሸሁት ፍተሻ በራሴ እግር ተመለስኩ። ያው ፈታሽ ነበር።

«ደግሞ መጣህ? መታወቂያ!»

ሰጠሁት። «ይሄማ ከሞተ ቆይቷል» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ሆነሃል?»

ነገርኩት። ዱላውን ይዞ መንገድ ዳር ወዳለው ቦይ አብሮኝ ወረደ። ፌስታልና የጫት ገረባ ብቻ አገኘን። መታወቂያዬን እየመለሰልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ «አያትህ ይቅር ይበሉኝ። ረግጫለሁ።»

ሲመሻሽ፣ ሱሉልታ

ከሚኒባሱ ወርጄ ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩ። ሦስተኛ መዞር አፈርኩና ገባሁ።

«እማዬ፣ አንዲት ጠፋች። ከአንቺ ድርሻ።»

የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። «አጎትህ ነገረህ?»

«ምኑን?»

በሩን ዘጋች። «ሰባት ዓመቴ ነበር። ትኩሳት ሊገድለኝ ሲል አባቴ ከሚወዳቸው ገጾች አንዱን አውጥቶ ቀለሙን በውኃ አጥቦ አጠጣኝ። ወረቀቱ እጁ ላይ ሟሸሸ። ዳንኩ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ለማን ይነገራል? ለንስሐ አባቴ ‹የሼህ ቀለም ጠጥቼ ነው የዳንኩት› ልበላቸው?»

የዘጋችውን በር መለስ ብላ አየችው። ቀኑን ሙሉ የተሸከምኩት ፍርሃት የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማዋለች። አያቴን ቦይ ለቦይ ስፈልጋቸው፣ ከግጥማቸው አንዱ ገጽ እናቴን አሳድጎ ነበር። እኔም የዚያ ገጽ ትርፍ ነኝ።

ረቡዕ ወደ ሰበታ እመለሳለሁ። ፍተሻውን አሁንም እፈራዋለሁ።

«ሼሁ ሲሰፉት እዚያ ቦታ ባዶ ወረቀት ያስገቡ በላቸው» አለች።

«ምን ይል ነበር፣ እማዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» ምስሯን ወደ ጭኗ መለሰች። «ብቻ ሲጠጡት ይመር ነበር።»