ወደ ግራ የሚጎትተው ሠረገላ

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ገበያ ስመለስ ጣሪያ የሌለው ትንሽ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አየሁ። ነጂው ተንበርክኮ የፊት ጎማዎቹን በሲባጎ ይለካል።

«ወደ ግራ እየጎተተ አስቸገረኝ፣ እማማ» አለኝ።

ዘንቢሌን አስቀምጬ ቆምኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። እናቴን እግሯ ከድቷት በቅሎ ላይ መቀመጥ እንኳ አቅቷት ነበር። ምኞቷ በአንኮበር መንገድ የምትኖረውን ታላቅ እህቷን ማየት ብቻ ነው። አክስቴም ዓይኗ ጠፍቶ ከደጇ አትርቅም። አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በበቅሎ የሚጎተት ሠረገላ አገኘላት። ተፈታትቶ እስከ አልዩ አምባ በግመል፣ ከዚያ በበቅሎ ተጭኖ ዳገቱን ወጣ።

የተገጣጠመ ዕለት ወደ ግራ ጎትቶ ቦይ ውስጥ ገባ፤ እናቴም ጭቃው ላይ ወደቀች።

«ፈልጬ ባላነደው!» አለ አባቴ።

እሷ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች «እንጨቱ ምን አደረገዎት? ይልቅ ባለእጅ ያስጠሩ» አለች።

ይርዳው የሚባል ባለእጅ መጣ። የገመዱን ጫፍ ለእኔ አስይዞ በፊት መንኮራኩሮቹ መካከል ያለውን ስፋት ከፊትም ከኋላም ለካ።

«እመቤቴ፣ አንዱ መንገዱን ሲያይ ሌላው ገደሉን ያያል። የሚያያይዛቸው ብረት ጎብጧል።»

ብረቱን በከሰል አግሎ ቀጠቀጠው፤ ገጥሞ ለካ፣ ፈትቶ እንደገና አጋለው። ጥቅምት ነበርና ውርጩ ጣት ይቆረጥማል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ እስኪጨርስ ከደጅ አልገባም አለች።

በማግስቱ ሠረገላው እናቴንና እኔን ይዞ ወደ አክስቴ ቤት ቀጥ ብሎ ሄደ። የገብሱ ማሳ በግራ በቀኝ ቢጫ ሆኗል። እናቴ መጀመሪያ ጠርዙን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ኋላ ለቀቀችው።

አክስቴ በትሯን ይዛ ወጣች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«በእግርሽ?»

«በየትኛው እግሬ!»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ተላቀሱ። እናቴ መውረድ ስላልቻለች አክስቴ መንኮራኩሩን ዳብሳ ወጣችላት፤ የሠረገላውን መጋረጃ ዘጉ። በሶ አቀበልኳቸው፤ ሳይቀምሱት ፀሐይ አዘቀዘቀች።

የገና በዓል ሳይደርስ እናቴ ዐረፈች። አባቴ ለቀብሩ ሠረገላውን ቢልክላት አክስቴ አልመጣም አለች፤ «የምላትን ብያታለሁ» ብላ መለሰች።

የመኪናው ነጂ ጎማዎቹን አስተካክሎ «ቤትዎ ላድርስዎት?» ሲለኝ ቀና አልኩ። «ልጄ፣ ይቅናህ» ብዬው በእግሬ ሄድኩ። ዛሬ ዕድሜዬ ከእናቴ አልፏል። ያን ቀን እናቴና አክስቴ ከመጋረጃው ኋላ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የሚነግረኝም ሰው የለም።